ፈረሰኛ የሌለው ዶሮ

እስቲ ይህን ጽሑፍ ከመቀጠላችሁ በፊት ተነሱና ማድ ቤት ገብታችሁ የኦቨናችሁን በር ክፈቱት። ኦቨን የሌላችሁ ጎረቤት አስፈቅዳችሁ ክፈቱ። ምን አገኛችሁ? ልገምት? ሁለት መጥበሻ፣ ክዳኑ የጠፋ ብረት ድስት፣ ለበዓል ብቻ የሚወጣ የድፎ ዳቦ መጋገሪያ፣ እና «አንድ ቀን ይጠቅማል» ተብሎ የተጣጠፈ የፌስታል ክምር። የአዲስ አበባ ኦቨን መጋገሪያ አይደለም፣ ቁም ሳጥን ነው። እኛ ቤትማ የመብራት ደረሰኝ ሳይቀር እዚያ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። እናቴ ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ፣ «እሳት የማይደርስበት ቦታ እሱ ነው» ትላለች።

ስለዚህ «ሙሉ ዶሮ በኦቨን ልጠብስ ነው» ብዬ የተነሳሁ ቀን የመጀመሪያው ሥራዬ ምግብ ማብሰል ሳይሆን ዕቃ ማውጣት ሆነ። አሥራ አንድ ዕቃ አወጣሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ እያንዳንዱን ስታየው የቤት ኪራይ ያልከፈለ ሰው ዕቃ ሲወጣ የምታይ ትመስል ነበር።

ታሪኩ ግን ከኦቨኑ አይጀምርም። ከፈረሰኛ ነው የሚጀምረው።

* * *

ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አለው። ይህን የማያውቅ የለም። አሥራ አንድ ያወጣች ሴት ሙያ የላትም ትባላለች፤ አሥራ ሦስት ያወጣችው ደግሞ አጥንት ሰባብራለች ማለት ነው። እናቴ ግን ዓይኗን ጨፍና አሥራ ሁለት የምታወጣ ሴት ናት። ቢላዋው አጥንት ላይ አያርፍም፤ መገጣጠሚያውን ፈልጎ ያገኘዋል።

እኛ ቤት እያንዳንዱ ብልት ባለቤት ነበረው። ታፋ ለታላቅ ወንድሜና እንግዳ ከመጣ ለእንግዳ። መላላጫ ለእኔ። ክንፍ ለታናሽ እህቴ፤ «ክንፍ የምትበላ ልጅ ሩቅ አገር ትሄዳለች» እየተባለች ነው ያደገችው። (ሩቅ አገር የሄደው ግን ታፋ ሲበላ የኖረው ወንድሜ ነው። በ2006 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶት ሜሪላንድ ገባ።) አንገትና ጀርባ ለእናቴ፣ ያውም ገበታው ላይ ሳይሆን ድስቱ አጠገብ። ፈረሰኛ ደግሞ ለአባዬ።

ለማያውቅ ሰው፣ ፈረሰኛ ማለት ባላ የመሰለችውን አጥንት ይዞ ከደረቱ ፊት ለፊት የሚወጣው ብልት ነው። የአባወራ ድርሻ ነው። ማን እንደወሰነው አይታወቅም፤ ማንም ግን አይከራከርበትም። እናቴ በጭልፋ ድስቱን ትፈልግና ፈረሰኛውን አውጥታ በአባዬ በኩል እንጀራው ላይ ታስቀምጠዋለች። ያኔ በዓሉ ተጀመረ ማለት ነው።

ዶሮ የሚያርደውም አባዬ ነበር። በዋዜማው አሮጌ ኮቱን ይለብሳል፣ ቢላዋውን ደረጃው ጠርዝ ላይ ይስለዋል፣ በስመ አብ ይልና ያርዳል። ትዝ የሚለኝ ነገር ሲያርድ ፊቱን ወደ ጎን ማዞሩ ነው። ልጅ ሆኜ ደም እንዳይረጨው ይመስለኝ ነበር።

ጥር 2009 ዓ.ም. አባዬ አረፈ። ስለ እሱ ብዙ መጻፍ አልፈልግም፤ አልችልበትምም። መናገር የምፈልገው ከሦስት ወር በኋላ ስለመጣው ፋሲካ ነው።

እኔና እህቴ «ዘንድሮ ይቅር» ብለን ነበር። እናቴ አልሰማችንም። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ቀይ አውራ ዶሮ በአንድ እጇ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቢላዋ በሌላ እጇ ይዛ ክፍሌ በር ላይ ቆመች። ምንም አላለችም። እኔም የሚባለው ገብቶኛል። ወንድሜ የለም፣ አባዬ የለም፤ ቤቱ ውስጥ ያለ ወንድ እኔ ነኝ።

ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ዶሮ የሚታረደው ከኮሚናሉ ጀርባ ነው። ወረድኩ። አባወራዎች እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ስለ ዶሮ ዋጋ እያማረሩ ተራ ይጠብቃሉ። ዶሮው በብብቴ ሥር ይሞቃል። ልቡ መዳፌ ላይ ይመታል፤ በጣም ይፈጥናል። ተራዬ ደረሰ። ቢላዋውን ከጋዜጣው አወጣሁት። ከዚያ በኋላ ምን ያህል ቆሜ እንደቆየሁ አላውቅም፤ የግቢው ጥበቃ ግን አጠገቤ መጥተው፣ «አምጣ ልጄ» ብለው ከእጄ ወሰዱልኝ።

ወደ ቤት ስመለስ እናቴ ጫማዬን አየች። ደም የለበትም። ምንም አላለችም።

ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጾም ተፈታ። እንጀራው ቀረበ፣ ድስቱ ተከፈተ፣ ጭልፋው ፈለገ። ፈረሰኛው ወጣ። እናቴ ለአፍታ ቆመች። ከዚያ በእኔ በኩል አስቀመጠችው።

እጄ አልሄደም። በቃ አልሄደም። «ጠግቤያለሁ» አልኩ፤ ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ አንድ ጉርሻ ያልቀመሰ ሰው እንዴት እንደሚጠግብ ማንም አልጠየቀኝም። ፈረሰኛው ወደ ድስቱ ተመለሰ። ሰኞ ተሞቀ፣ ማክሰኞ ተሞቀ። ሁላችንም በዙሪያው በዙሪያው በላን። ሐሙስ ዕለት ድስቱ ውስጥ አልነበረም። የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።

* * *

የኦቨኑ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። የምግብ ሐሳብ አልነበረም፣ የማምለጫ ሐሳብ ነበር። አንድ ቀን በአንድ ምግብ ቤት መስኮት በኩል ሳልፍ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ሙሉ ዶሮዎች በብረት ተሰክተው ይሽከረከራሉ። ቆሜ አየኋቸው። አንገት የለም፣ ብልት የለም፣ የማን የሚባል ነገር የለም። ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር በራ፦ ብልት ያልወጣለት ዶሮ ፈረሰኛ የለውም!

ለእናቴ ነገርኳት። ሦስት ተቃውሞ አቀረበች።

አንደኛ፣ «ሙሉውን? እንዳለ? ገበታ ላይ ተኝቶ? ሬሳ አይመስልም?»

ሁለተኛ፣ «ቆዳው ሳይገፈፍ?» ይሄኛው ከሁሉም የከፋ ነበር። እኛ ዘንድ የዶሮ ቆዳ ምግብ አይደለም፤ ከላባው ጋር የሚሄድ ነገር ነው። ቆዳውን ሳይገፉ የሠሩት ዶሮ፣ እጅ ሳይታጠቡ እንደተበላ ምሳ ነው።

ሦስተኛ፣ «ወጡስ በምን ይበላል?» ለዚህኛው እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

ሜሪላንድ ለወንድሜ ደወልኩ። እሱ የተርኪ ልምድ አለው። አሜሪካኖቹ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ታንክስጊቪንግ ብለው ተርኪ ሙሉውን ይጠብሳሉ። ችግሩ የእኛ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ሁለቱ አብዛኛውን ዓመት መገጣጠማቸው ነው። «ሦስት ዓመት ሙሉ ለሥራ ባልደረቦቼ ስጠብስ ሽታውን ነው የበላሁት» አለኝ። ቀምሶት የማያውቀውን ነገር በስልክ አስተማረኝ። እኔም እንደ ነገሩ ሰማሁት።

* * *

የመጀመሪያው ሙከራ የ2010 እንቁጣጣሽ ነበር። ሰኞ ዕለት ስለዋለ ከጾም ተርፈናል። ሾላ ገበያ ሄጄ ከዘንቢሉ አጠገብ እግሩ ታስሮ የተቀመጠ፣ ዓይኑ የሚያፈጥ፣ ኩሩ የሀበሻ አውራ ዶሮ ገዛሁ። ሻጩ «ይሄ ጎረምሳ ነው» አለኝ። በሀበሻ ዶሮ ገበያ ጎረምሳ የሚባል ቃል እስከ ስንት ዓመት እንደሚሠራ ያኔ አላውቅም ነበር። ያረዱልኝ አሁንም ጥበቃው ናቸው።

ኦቨናችን ከምድጃው ሥር ያለ፣ ቁጥሩ በፈሳሽ ሳሙና ተፍቆ የጠፋ ቁልፍ ያለው ነው። በግምት አዞርኩት። ዶሮውን ቅቤ ቀባሁት፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነሰነስኩበት፣ አስገባሁት። በመስታወቱ እያየሁት ተቀመጥኩ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሲሞላው አንድ ነገር «ጭጭ» አለ። መብራት ሄደ።

መቼም በዓል ሆኖ መብራት ሳይሄድ ከዋለ በዓሉ በዓል አይመስልም። አንድ ሰዓት ጠበቅን። አልመጣም። እናቴ ከወንበሯ ተነሳች፣ ዶሮውን ከኦቨኑ አወጣች፣ መክተፊያው ላይ አስቀመጠችው፣ ቢላዋዋን አነሳች። ግማሹ የበሰለ፣ ግማሹ ጥሬ የሆነ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ሲወጣለት በዓይኔ አየሁ። ከዚያ በረንዳው ላይ ከሰል አቀጣጠለች። ከዚያ (ይሄ ነው ያስገረመኝ) ከአልጋዋ ሥር አንድ ድስት አወጣች። ቁሌት! ከዋዜማው ጀምራ ያቁላላችው፣ ብርቱካናማ ዘይቱ ከላይ የተንሳፈፈ፣ ያለቀለት ቁሌት።

«ለነገሩ ብዬ ነው» አለች።

ሁለት ሰዓት ከሰል ላይ ተንተከተከ። ሲቀርብ ፈረሰኛው የት እንደተቀመጠ መናገር ያለብኝ አይመስለኝም።

ያን ቀን በእናቴ ተናድጄ ነበር። በኋላ ግን ነገሩን ሳነብና ስጠይቅ ትክክል እንደነበረች ገባኝ። መብራቱ ባይሄድም ያ ዶሮ አይበላም ነበር። የሀበሻ ዶሮ ሲሮጥ፣ ሲጭር፣ ሲጣላ የኖረ ፍጡር ነው። ዕድሜውና ሩጫው ሥጋውን በጠንካራ ጅማት ያስረዋል። ያ ጅማት ደግሞ በደረቅ ሙቀት በፍጥነት ሲመታ የበለጠ ይኮማተራል እንጂ አይለቅም። የሚለቀው እርጥበት ውስጥ፣ በዝግታ፣ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ነው። ያኔ ይቀልጥና ወጡን ያወፍረዋል፤ ዶሮ ወጥ ሲበርድ እንደ ጄሊ የሚረጋው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚቀቀል ነገር ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ዶሮ ወጥ ግማሽ ቀን የሚፈጀው እናቶቻችን ጊዜ ስለተረፋቸው አይደለም። ለዚያ ዶሮ፣ በዚህ ከፍታ፣ ትክክለኛው ዘዴ እሱ ስለሆነ ነው።

ለኦቨን የሚሆነው ሌላ ዶሮ ነው፦ ትንሽ፣ ልጅ፣ ሥጋው ያልጠነከረ። ማለትም እናቴ በአፏ «ጥጥ» የምትለው የፈረንጅ ዶሮ።

* * *

ሁለተኛው ሙከራ በዓል አልነበረም። ይህ የስምምነታችን ዋና አንቀጽ ነው። ለገና ዶሮ ወጥ እንደ ደንቡ ተሠርቷል። ፈረሰኛውን ያን ጊዜ እንግዳ መጥቶ ስለበላልኝ ተርፌያለሁ። ጥብሱ ከገና በኋላ ላለው እሁድ ተቀጠረ።

አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም የሆነ በረዶ ዶሮ ከሱፐርማርኬት ገዛሁ። ትንሽ መሆኑ ወሳኝ ነው። ትልቅ ዶሮ ሲሆን ታፋው እስኪበስል ደረቱ ይደርቃል፤ ትንሹ ግን ሁሉም ጋ እኩል ለመድረስ ይቀርባል። ዓርብ ማታ ከፍሪዘር አውጥቼ ፍሪጁ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ፈሳሹ ሌላ ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ ጎድጓዳ ሰሃን ውስጥ አስቀመጥኩት። ቅዳሜ በረዶው ለቋል።

ከዚያ የእጥበት ጦርነት ተነሳ። ዶሮን በሎሚና በጨው ስድስት ሰባት ውሃ ሳያጥቡ መሥራት እኛ ቤት ኃጢአት ነው። እኔ ደግሞ የእንግሊዝ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 ጥሬ ዶሮ አትጠቡ ብሎ ዘመቻ እንዳካሄደ አንብቤያለሁ፤ ውሃው ሲረጭ ካምፓይሎባክተር የተባለውን ባክቴሪያ ወደ ዕቃውና ወደ እጅ ያዳርሳል። ይህንን ለእናቴ አስረዳኋት። ጨርሳ ሰማችኝና፣ «እንግሊዝ ዶሮ ወጥ ይችላል?» አለች። አጠበችው። እኔም ማጠቢያውንና አካባቢውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ፈተግኩ። ዲፕሎማሲ ማለት ይሄ ነው።

ከታጠበ በኋላ ግን ሥራው የእኔ ሆነ። የጥብስ ዶሮ ዋና ጠላት ውሃ ነው። ቆዳው ላይ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ሁሉ ውሃውን ለማትነን ይባክናል፤ ቆዳው አይቀላም፣ ይቀቀላል። ስለዚህ በንጹሕ ጨርቅ ውጩንም ውስጡንም አደረቅኩት። አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው በሁሉም በኩል አሸሁት። ሳልከድነው ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። ጨው መጀመሪያ ከሥጋው ውሃ ይስባል፤ ካደረ ግን ያ ውሃ ጨውን ይዞ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ሥጋው እስከ አጥንቱ ይጣፍጣል፣ ቆዳው ደግሞ እንደ ብራና ይደርቃል።

እሁድ ጠዋት እናቴ ቅዳሴ ሄዳ እኔ ጀመርኩ። ጣቴን በደረቱ በኩል በቆዳውና በሥጋው መካከል ቀስ አድርጌ አስገባሁና ንጥር ቅቤ ከተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት ጋር ቀባሁ። ለጋ ቅቤ አይሆንም፤ ውስጡ ያለው የወተት ቅሪት ቶሎ ያራል። ንጥሩ ግን ይችለዋል፣ ኮረሪማውም ኮሰረቱም ከነመዓዛው አለ። ሆዱ ውስጥ ግማሽ ሎሚና የጥብስ ቅጠል ከተትኩ። እግሮቹን በእናቴ ፈትል አሰርኩ። ከሥሩ ድንችና ካሮት ደረደርኩ፤ የሚንጠባጠበውን ጮማ እነሱ ይጠጡት።

ለቁልፉም መፍትሔ ተገኝቷል። ወንድሜ ሰው ሲመጣ ከቫይታሚኖቹ ጋር ሁለት ቴርሞሜትር ልኮልኛል፤ አንዱ ለኦቨኑ፣ አንዱ ለሥጋው። 200 ዲግሪ ሲሞላ አስገባሁት። (ከፍታችን እዚህ ላይ ችግር የለውም። ድስት ውስጥ ውሃ ከ92 አያልፍም፤ የኦቨን አየር ግን የትም አገር 200 ያው 200 ነው።) መብራት እንዳይሄድ በልቤ ተሳልኩ። ለማን እንደተሳልኩ አልናገርም።

በሃያኛው ደቂቃ መንጣጣት ጀመረ። በአርባኛው ቆዳው የማር መልክ ያዘ። እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ ማድ ቤት ገባች፣ አሸተተች። «በዓል በዓል አይሸትም» አለች። ትንሽ ቆየችና፣ «ግን መጥፎ አይደለም» ጨመረችበት። በሃምሳ አምስተኛው ደቂቃ አውጥቼ ቴርሞሜትሩን ታፋው ውስጥ ሰካሁ።

«አሁን ምን ልታደርግ ነው?»

«ሙቀቱን ልለካ።»

«ሞቶ? ትኩሳት አለው እንዴ?»

74 ዲግሪ ማለፍ አለበት። 78 አለ። ቴርሞሜትር የሌላችሁ ታፋውን ከመገጣጠሚያው አጠገብ በሹካ ውጉት፤ የሚወጣው ፈሳሽ ሮዝ ከሆነ መልሱት፣ እንደ ውሃ ከጠራ ደርሷል። መለኪያው ግን ይበልጣል። ከዚያ የሚከብደው ነገር ይመጣል፤ አሥራ አምስት ደቂቃ አለመንካት። ወዲያው ከተቆረጠ ፈሳሹ ሰሃን ላይ ይቀራል። እናቴ «ይበርዳል! ይበርዳል!» እያለች ዙሪያውን ዞረች። ዶሮውን ከእሷ ጠበቅኩት።

* * *

ገበታው ላይ አስቀመጥኩት። ሙሉ፣ ቀይ፣ እግሩ በፈትል የታሰረ። ዝም ብለን አየነው። እኔ፣ እናቴ፣ እህቴ። አንድ ነገር እንዳልተዘጋጀሁበት ያኔ ገባኝ፦ ማነው የሚጀምረው? ከየት ነው የሚጀመረው? ብልቱን ስሸሽ መጀመሪያውንም አብሬ ጥዬዋለሁ።

ቢላዋ አነሳሁ። ደረቱን ወጋሁት፤ ቢላዋው አጥንት ላይ ተንሸራተተ። እናቴ ሁለት ጊዜ ስንሸራተት ታገሠችኝ። በሦስተኛው ተነሳች፣ እጇን ታጥባ ተመለሰች፣ ቢላዋውን ከእጄ ወሰደችና አስቀመጠችው። በጣቷ ብቻ ታፋውን ያዘች፣ አንዴ ጠመዘዘችው፤ ለቀቀ። መላላጫውን ለቀቀችው። ክንፉን ለቀቀችው። ያ እጅ በጨለማም ያውቃል።

ከዚያ ጣቷ ወደ ደረቱ ሄደ። ከላይ፣ አንገቱ በነበረበት በኩል፣ ከቆዳው ሥር ገባ። ባላዋን አጥንት ያዘና ከነሥጋዋ ስቦ አወጣት።

ፈረሰኛ። ለካ እዚያው ነበር። የት ሊሄድ ኖሯል?

ማድ ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ሰሃኔን ማየት ጀመርኩ። እናቴ ፈረሰኛውን በእጇ እንደያዘች ትንሽ ቆየች። ከዚያ ለሁለት ከፈለችው። ግማሹን ለእህቴ ሰጠች። ግማሹን ራሷ ሰሃን ላይ አደረገች።

«አንተማ ሸሽተኸው አይደል ይሄን ሁሉ የደከምከው?» አለችኝ።

ለካ ታውቃለች። ከመጀመሪያው ጀምሮ ታውቅ ነበር።

ቀመሰች። አላመጠች። እንደገና ቀመሰች። «አባትህ እኮ ፈረሰኛ አይወድም ነበር» አለች።

«ምን?»

«ደረቀብኝ ይል ነበር። ታፋ ነበር የሚወደው።»

«ታዲያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለምን ሰጠሽው?»

«ታዲያ ለማን ልስጠው?»

ዝም አልን። እህቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ እኔ፤ ከዚያ እናቴ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረና ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። አባዬ በየበዓሉ የማይወደውን ሥጋ ደስ እያለው ሲያላምጥ ሁላችንም አየነው። ፊቱን አዙሮ ሲያርድም አየሁት። ደሙን ሽሽት አልነበረም ማለት ነው።

«ይሄኛው ግን አልደረቀም» አለች እናቴ ስትጨርስ። ከምግብ ሙያ አንፃር በሕይወቴ ያገኘሁት ትልቁ ሽልማት እሱ ነው።

ከዚያ እጇ ሳታስበው መሰለኝ፣ ሰሃኑ ጫፍ ላይ ወደ ተቀመጠው ቁራጭ ቆዳ ሄደ። አነሳችው። አየችው። አፏ ውስጥ ከተተችው። ሲሰበር ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማ።

«ይሄን ነው አርባ ዓመት ስጥል የኖርኩት?»

* * *

ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ሁለት ዓይነት ዶሮ አለ። የበዓሉ አሥራ ሁለት ብልት አለው፤ ቆዳው ይገፈፋል፣ ቁሌቱ ከዋዜማው ይጀመራል፣ በዚህ ማንም አይደራደርም። የእሁዱ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ሙሉ ነው፣ ማን ምን ይብላ የሚለው በየሳምንቱ እንደ አዲስ ነው የሚወሰነው። ቆዳው ግን በድርድር ነው፤ እናቴ ካልጠበቅናት ብቻዋን ትጨርሰዋለች። ባለፈው ደረጃ ላይ ከጎን ቤቷ እትዬ ጋር ቆማ፣ «ቆዳውን እንዳትገፊው! ማድረቅ ነው፣ ማድረቅ!» ስትል ሰምቻታለሁ። እኔን አልጠቀሰችም።

መጋገሪያዎቹ ወደ ኦቨኑ ተመልሰዋል። ደረሰኞቹ ግን ሌላ ቦታ ተፈልጎላቸዋል።

በ2010 ፋሲካ ዋዜማ ቢላዋውን ይዤ ወደ ኮሚናሉ ወረድኩ። ጥበቃው ገና ሲያዩኝ ተነሱ፤ በእጄ «ይቆዩ» አልኳቸው። በስመ አብ ብዬ፣ ፊቴን አዙሬ አረድኩ። እጄ እስከ ማታ ሲንቀጠቀጥ ነበር።

ሌሊት እናቴ ፈረሰኛውን አወጣችና ጭልፋውን አየር ላይ ይዛ ወደ እኔ አየች። ወደ እህቴ ጠቆምኩ። እኔ ፈረሰኛ አልወድም። ደረቅ ነው።